አንድ ዶሮ ለአራት ሰው ስንት ማዕድ ይሆናል? የተረፈውስ በምን ይሠራል?

የልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰባችን አራት ነው፤ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች። የምንገዛው ላባው ተነጭቶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በረዶ የሆነውን የፈረንጅ ዶሮ ነው፤ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሙሉውን ወጥ ሳደርገው ሥጋው በሁለት ማዕድ ያልቅና መረቁ ብቻ ድስቱ ሥር ይቀራል። ጀርባውንና አንገቱን የሚያነሳው የለም፤ ይጣላል። የዶሮ ዋጋ ደግሞ የምታውቁት ነው።

አንዱን ዶሮ ለሦስት ወይም ለአራት ማዕድ ለማዳረስ እንዴት ልከፋፍለው? አጥንቱን ስቀቅል መረቁ ይደፈርሳል፣ አንዳንዴም ይመራል፤ ከምን የተነሳ ነው? የተረፈ የወጥ መረቅ፣ ያደረ እንጀራና ያደረ ሩዝስ ምን ይደረጋሉ? ፍሪጅ አለን፤ መብራት ግን ይጠፋል። በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ማጀት፦

ልጄ፣ ዶሮው የሚበቃና የማይበቃው ገና ሲበለት ይለያል። አንዴ በሙሉ ቁሌት ውስጥ ከገባ በርበሬ ጠጥቷልና ሌላ ምግብ ልታደርጊው ብትፈልጊ አይሆንልሽም። አሥራ ሁለት ብልት የማውጣቱ ወግ ለበዓል ይቆይ። ለዘወትር ማዕድ ጥሬውን በሦስት ክፈይው፤ የወጥ፣ የጥብስና የመረቅ።

1.2 ኪሎ ዶሮ ሲበለት ሁለቱ ታፋና እግር ከነአጥንታቸው 380 ግራም አካባቢ ይሆናሉ። አጥንት የሌለው የሁለቱ ወገን ደረት 300 ግራም፣ ሁለቱ ክንፍ 120 ግራም ይመዝናሉ። የቀረው 400 ግራም ጀርባ፣ አንገት፣ የደረት አጥንት፣ ቆዳና ስብ ነው። እስካሁን የምትጥዪው እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ነው።

ከፍሪዘር አውጥተሽ፣ ጎድጎድ ባለ ሳህን ላይ አድርገሽ፣ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አቆይው። ግማሹ በረዶ እያለ ከተቆረጠ ቢላው መገጣጠሚያውን ስለማያገኝ አጥንቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪው ለልጅ ጉሮሮ አደጋ ነው። ሲበለት በመጀመሪያ እግሩን ወደ ውጭ ገፍተሽ፣ በታፋውና በገላው መካከል ያለውን ቆዳ ቅደጂው። ከዚያ ታፋውን ወደ ኋላ ስታጥፊው የአጥንቱ ራስ ከመገጣጠሚያው ብቅ ይላል፤ ቢላው በዚያ ክፍተት ያለ ጉልበት ያልፋል። ክንፉም እንደዚሁ ነው። ደረቱን ለማውጣት ከመሃለኛው አጥንት ግራና ቀኝ ቢላውን ከአጥንቱ ሳታርቂ ወደ ታች ውረጂ። አጥንቱ ላይ ጥቂት ሥጋ ቢቀር አትዘኝ፤ መረቅ ውስጥ ይገኛል።

ታፋውን ከእግሩ ለይተሽ አራት፣ ከሁለቱ ክንፍ ጋር ስድስት ቁራጭ ይሆንልሻል። ይህ ከአራት እንቁላል ጋር ለወጥ ይሂድ።

ደረቱ በጣት ስፋት፣ ከሥጋው ክር አግድም ይቆረጥ። መጥበሻው በጣም እስኪግል ጠብቂና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ ሥጋውን በሁለት ዙር ጥበሽው፤ ለአንድ ዙር ከ4 እስከ 5 ደቂቃ በቂ ነው። 300 ግራሙ በአንድ ጊዜ ከገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ከዚያ መጠበሱ ይቀርና በራሱ ውኃ ተቀቅሎ ይደርቃል። የደረት ሥጋ ደረቀብኝ የሚል ሰው ችግሩ ባመዛኙ ይኼው ነው። ሥጋውን አውጥተሽ በዚያው መጥበሻ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት በቀጭኑ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን ወይም አንድ እፍኝ ፎሶሊያ ጥበሺ። አትክልቱ ገና ጠንከር እያለ ሥጋውን መልሰሽ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል አዋህጂው። ከሁለት ኩባያ ሩዝ ጋር አራት ሰው ያጠግባል።

አሁን ወደ መረቁ። የሚመርበትና የሚደፈርስበት ምክንያት የተለያየ ነው። የጀርባውን ውስጠኛ ጎን ብታዪው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ የቀረ ጥቁር ቀይ ነገር አለ፤ የኩላሊትና የሳምባ ቅሪት ነው። በማንኪያ ጫፍ ፍቀሽ ካላወጣሽው መረቁን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያከብደዋል። ጉበትም መረቅ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው በሽንኩርት ይጠበስ። በቤት የታረደ ዶሮ ከሆነና ሐሞቱ ከፈሰሰበት የነካውን ቦታ ቆርጦ መጣል ነው እንጂ በማጠብ አይለቅም። ዶሮ የታጠበበት ሎሚ ከነልጣጩ ከአጥንቱ ጋር ሲቀቀልም ይመራል። መደፈረሱ ግን ከእሳቱ ነው። ድስቱ በኃይል ሲፈላ ስቡና አረፋው ተሰባብሮ ውኃው ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ወንፊትም አያጠራውም።

ስለዚህ 400 ግራሙን አጥንት (ቆዳውን ለይተሽ) በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጣጂው። ሊፈላ ሲል የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እየጠረግሽ አንሺ። አረፋው ሲያልቅ እሳቱን ቀንሽ፤ ከድስቱ ዳር ዳር አልፎ አልፎ አረፋ ብቅ የሚልበት ያህል ይበቃል። አንድ ሰዓት ሲሞላው ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብልና 6 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨምረሽ 40 ደቂቃ ቀጥይ። አትክልቱ ከመጀመሪያው ከገባ ይበጣጠስና እሱም ያደፈርሳል። ጨው አሁን አይግባ፤ በኋላ ሲመጥ ጨዋማነቱ ይበረታልና በምትሠሪበት ጊዜ ልኩን ታገኚዋለሽ። ሲጠለል 1.4 ሊትር ገደማ ይወጣል። ጀርባውና አንገቱ ለብ ሲል ሥጋውን በጣትሽ ልቀሚው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ይገኛል፤ ማንም የማያነሳው ሥጋ ያ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የውጭ አገር አሠራር ላይ የተጻፈ የመቀቀያ ሰዓት እኛ ጋ የሚያጥረው ለዚህ ነው፤ ሩብ ያህል ጨምሪበት። ፕሬዠር ድስት ካለሽ 45 ደቂቃ ያበቃዋል፤ ነዳጅም መብራትም ይተርፋል።

ቆዳውን አትጣዪው። በትንንሹ ከትፈሽ፣ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጋር ለስ ባለ እሳት ላይ 30 ደቂቃ ተዪው። ውኃው መጀመሪያ ላይ ቆዳው እንዳያር ይጠብቀዋል፤ ውኃው ሲያልቅ ስቡ ቀልጦ ይወጣል፣ ቆዳውም ይንኮሻኮሻል። 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጥሩ ስብ ይወጣዋል። አጥልለሽ በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጪው ሽንኩርት ለማቁላላትና ድንች ለመጥበስ ዘይት ይተካል።

ቁሌት፦

ማጀት ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሽንኩርቱ ነው። ትልቁ ጊዜና ማገዶ የሚያልቀው ቁሌቱ ላይ ነውና ለስድስት ቁራጭ ሥጋ ብቻ ሽንኩርት ማቁላላት ብክነት ነው። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አቁላይና ለሁለት ክፈይው።

ሽንኩርቱ በቢላ ደቆ ይከተፍ። በማሽን የተፈጨ ውኃው ይበዛል፣ ለመምጠጥ ሁለት እጥፍ ይቆያል፣ ጣዕሙም ወደ መኮምጠጥ ይሄዳል። ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ ውኃው እስኪመጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር አንድ ኩባያ ዘይት ጨምሪ፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሲያደላ 8 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ (ልጆች ስላሉ ነው፤ ለአዋቂ ብቻ ከሆነ እስከ 12 ይደርሳል) ከግማሽ ኩባያ ሙቅ ውኃ ጋር። በርበሬው ጥሬነቱ እስኪለቀው 25 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በየመሃሉ ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግ፤ አንዴ ካረረ መራራው አይወጣም፣ ቅቤም አይሸፍነውም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ በመጨረሻው 10 ደቂቃ።

አሁን ቅቤም ዶሮም ሳይነካው ግማሹን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪ። ይህ ግማሽ የጾም ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ሁለት ኩባያ ምስር ክክ ብትጨምሪበት ወጥ በ25 ደቂቃ ይደርሳል። ለዚህ ግን ዘይቱ ንጹሕ ዘይት ይሁን፤ ከላይ የተባለው የዶሮ ስብ ለዚህ ቁሌት አይሆንም፣ የዶሮው ማማሰያም አይግባበት።

ወደ ቀሪው ግማሽ 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ስድስቱን ቁራጭና ሁለት ኩባያ ሙቅ መረቅ ጨምሪ። የፈረንጅ ዶሮ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ድስቱ ውስጥ ይፈርሳል። የሐበሻ ዶሮ ወይም እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ትፈልጋለች፤ በለጋ ዶሮ ሰዓት ካወጣሻት እንደ ጎማ ትሆናለች። መከለሻና የተቀቀለው እንቁላል እሳቱ ሊጠፋ 5 ደቂቃ ሲቀረው። እንቁላሉን ሦስት አራት ቦታ በቢላ ጫር ብታደርጊው መረቁ ይገባዋል።

ቀዝቃዛ ውኃ፦

ስለ ፍሪጁና ስለ መብራቱ የመለሰ ስለሌለ እኔ ልግባ። በቁጠባ ስም ሰው የሚታመመው እዚህ ላይ ነው።

የበሰለ ዶሮ፣ ወጥም ሆነ መረቅ፣ ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ መግባት አለበት። ትልቅ ድስት መረቅ ተከድኖ ምድጃ ላይ ሲያድር መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ተህዋስያን የሚራቡበት ሙቀት ደግሞ በትክክል ያ ነው። ጠዋት ኮምጥጦ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሲሞቅ የሚሞት ቢመስልም አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው። መረቁን ጥልቀታቸው ከአራት ጣት በማይበልጥ ሰፋፊ ዕቃዎች ክፈይና ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፤ ውኃውን አንዴ ብትለውጪ በግማሽ ሰዓት ለፍሪጅ ይደርሳል።

በ4 ዲግሪና ከዚያ በታች የበሰለ ዶሮ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጥሬው ሲቀልጥ 1 ወይም ቢበዛ 2 ቀን ነው፤ ስለዚህ ብልቱን አውጥተሽ ከጨረሽ በኋላ የደረቱን ሥጋ በማግስቱ ሥሪው። ሲሞቅ የምትበሉት ያህል ብቻ ተቀንሶ ይሙቅ፤ እስኪንተከተክ ድረስ ይሁን። ድስቱን በሙሉ በየቀኑ ማሞቅና መልሶ ማቀዝቀዝ ሥጋውን ያበላሻል፣ አደጋውንም ይጨምራል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ በግማሽ የተሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። ባዶውን ቦታ ውኃ በተሞሉ ሃይላንዶች መሙላት ስለዚህ ይጠቅማል፤ በረዶ ሆነው ቅዝቃዜ ይይዛሉ። መብራቱ ሲመጣ ሥጋው ውስጥ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ለብ ያለ ግን ምንም ባይሸት ይጣል።

ዶሮ ማጠብን በሚመለከት፣ ሎሚና ጨው ሽታውንና ንፍጡን ይወስዳል፤ ተህዋሲ ግን አይገድልም። ተህዋሲውን የሚገድለው የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ መድረሱ ነው። ከሚፈስ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣሪው ሰላጣውም ላይ፣ ሰሃኑም ላይ ይደርሳል። ባህሉን መተው ሳያስፈልግ ጎድጎድ ባለ ሳፋ ውስጥ አድርገሽ እጠቢው፤ ሳፋውን፣ መክተፊያውንና እጅሽን ወዲያው በሳሙና። ሎሚው ውስጥም ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ከቆየ የላይኛው ሥጋ ይነጣል፣ ይጠነክራል፣ መረቁም ይኮመጥጣል።

የልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። እትዬ ማጀት፣ የጀርባው ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ መረቁ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ላዩ ቢጫ ሆኖ ሥሩ እንደ ጄሊ ይረጋል። ተበላሽቶ ነው?

ማጀት፦

እንዲያውም ጥሩ መረቅ ማለት ያ ነው፤ የረጋው ከአጥንቱና ከጅማቱ የወጣው ነው፣ ሲሞቅ ይፈታል። ቢጫው ስብ ሲሆን አየር እንዳይገባ ስለሚከድነው እስክትጠቀሚበት አትግፈፊው። ካልረጋ ውኃው በዝቷል ወይም ቶሎ ወርዷል ማለት ነው። የዶሮ መዳፍ የምታገኚ ከሆነ ሁለት ወይም አራት ጨምሪበት፤ የሚያረጋው እሱ ነው። ፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንድ ነክረሽ ስታወጪው የላይኛው ቆዳ ይላጣል፣ ጥፍሩ ይቆረጣል።

ድርቆሽ፦

ስለ ተረፈው መረቅና ስላደረው እንጀራ እኔ ልመልስ።

ፍርፍር የሚላቁጠው ፈሳሹ ሲበዛና እንጀራው ገብቶ ሲማሰል ነው። ላደረ እርጥብ እንጀራ ልኩ ይህ ነው፤ ለሁለት እንጀራ አንድ ኩባያ የወጥ መረቅና ግማሽ ኩባያ ውኃ ወይም የአጥንት መረቅ። መረቁን መጀመሪያ ለብቻው አፍልተሽ ጨውን ቅመሺ፤ ያደረ ወጥ ጨው የጨመረ ይመስላል፣ የሚያስተካክለው ውኃው ነው። እሳቱን አጥፍተሽ እንጀራውን በእጅ ቆራርሰሽ ጨምሪና ከታች ወደ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ገልብጠሽ ክደኚው። በሦስት ደቂቃ ይጠጣል። ማማሰያ የተዞረበት ፍርፍር ገንፎ ይሆናል።

ድርቆሽ ከሆነ ፈሳሹ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ለሁለት እንጀራ ድርቆሽ ሁለት ኩባያ ተኩል በጠቅላላ። ድርቆሹን ስታዘጋጂ እንጀራው ሻጋታ ከመታየቱ በፊት መድረቅ አለበት። ነጥብ ሻጋታ የታየበትን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ማድረቅ አይበቃም፤ እንጀራ ዓይኑ ክፍት ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን የማይበላ እንደሆነ ከታወቀ በሁለተኛው ቀን ቆራርሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል። እጅ ላይ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል፤ በከረጢት ታስሮ ለወራት ይቀመጣል።

ከጀርባና ከአንገት የተለቀመው አንድ ብርጭቆ ሥጋ ፍርፍሩ ላይ ከላይ ሲበተን አራት ሰው ዶሮ እንደ በላ ይሰማዋል። የተረፈ እንቁላል ካለም ለአራት ከፍለሽ ጨምሪበት።

የአጥንት መረቁን ለቁርስ ቅንጬ ሞክሪው። አንድ ኩባያ ቅንጬ (የስንዴም የገብስም ይሆናል) ታጥቦ፣ በሦስት ኩባያ መረቅ፣ ለስ ባለ እሳት 25 ደቂቃ። ከዚያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ። በውኃ ከተሠራው ጋር አይገናኝም፤ ልጆች ይወዱታል። ሽሮም እንዲሁ ነው። ለአንድ ኩባያ ሽሮ አራት ኩባያ መረቅ፣ ሽሮው በቀዝቃዛ መረቅ ተበጥብጦ ይግባ፤ ሙቅ ውስጥ ደረቁ ከተበተነ ይጓጉላል። የተለቀመ ሥጋ ቢገባበት እንደ ቦዘና ሽሮ ይሆናል።

ያደረ ሩዝ ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ውኃ እንዳሉት ነው፤ ተቀቅሎ ክፍል ውስጥ የቆየ ሩዝ የሚያፈራው መርዝ ተመልሶ በመጥበስ አይጠፋም። ሩዙ እንደበሰለ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱ ይበላ። ቀዝቃዛ ሩዝ ሲጠበስ ፍሬ ፍሬው ይለያል፣ ትኩሱ ግን ይጣበቃል፤ ስለዚህ ለጥብስ የሚሻለው ያደረው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዶሮ ስብ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ከጥብሱ የተረፈ ሥጋ፣ በመጨረሻ ሁለት የተመታ እንቁላል ጥግ ላይ ተጠብሶ ይደባለቅ።

ፖቶማክ ዳር፦

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ተጠብሶ በትኩሱ የሚሸጠው ሙሉ ዶሮ ብዙ ጊዜ ከጥሬው ብዙም አይወደድም። ግን ወጥ ልታደርጉት ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ቁሌቱ ውስጥ አትክተቱት። የበሰለ ሥጋ ነውና 40 ደቂቃ ሲቆይ ወደ ክርነት ይለወጣል። ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው 8 ደቂቃ ይግባ።

ሥጋው በገዛችሁበት ዕለት፣ ገና ለብ እያለ ከአጥንቱ ይለቀም፤ ሲቀዘቅዝ ይጣበቅና ግማሹ አጥንቱ ላይ ይቀራል። አጥንቱን ለመረቅ ስትቀቅሉ ቆዳውን አስወግዱት፤ ጨውና ስኳር ያለው ቅመም ስለሚቀባ መረቁን ስኳር ስኳር ያሰኘዋል፣ ያጠቁረዋል። ሥጋው ራሱ ብዙ ጊዜ ጨው በተቀላቀለበት ውኃ የተወጋ ነው፤ በዚህ መረቅ ሽሮ ወይም ሩዝ ሲሠራ ቀምሶ ካልሆነ ጨው አይጨመር፣ መረቁም አይምጠጥ። የተጠበሰ አጥንት የሚሰጠውን አንዴ ሰጥቷልና ውኃውን 1.5 ሊትር ብቻ አድርጉት። እንጀራ በአንድ ጊዜ ብዙ ለምትገዙ፣ ድርቆሽ በኦቨንም ይሆናል፤ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሩ በትንሹ ገርበብ ብሎ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት።

የልጆች እናት፦

ሌላም ልጠይቅ፤ ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ የሚሆን ደረቅ ነገር ከዚሁ ዶሮ ይወጣል? ፍርፍርም ሾርባም አይያዝም። ደግሞ ዶሮው ለፋሲካ ቢሆንስ፣ በብዛት ሲተርፍ?

ቁሌት፦

የፋሲካው ይቀላል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የተረፈውን ለሌላ ቀን ማሳደር አያስጨንቅም፤ የ4 ቀኑን ልክ ብቻ ጠብቂ። ከሌላ በዓል የተረፈና የጾም ቀን የሚይዘው ከሆነ ሥጋውን ከነመረቁ፣ እንቁላሉን ግን አውጥተሽ ፍሪዘር አስገቢው። የተቀቀለ እንቁላል በረዶ ሲሆን ነጩ እንደ ስፖንጅ ይሆንና ውኃ ያወጣል። መረቁ ሥጋውን መሸፈን አለበት፤ ያልተሸፈነው ይደርቃል። ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ፤ ሁለት ጣት ቦታ ተዪለት፣ ፈሳሽ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። የገባበትን ቀን ጻፊበት፤ በወር ውስጥ ይበላ።

ለምሳው ሳምቡሳ ነው፤ ዶሮ በምስር ሲበዛ ደግሞ ወጪው ይቀንሳል። 250 ግራም በእጅ የተቦጫጨቀ የበሰለ ዶሮ፣ አንድ ኩባያ ተቀቅሎ ውኃው በደንብ የተጠለለ ድፍን ምስር፣ ሁለት ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ጨው። ሽንኩርቱን ውኃው እስኪደርቅ ጠብሰሽ ሁሉንም ቀላቅይ። ሊጡ 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ ኩባያ ገደማ ውኃ ነው፤ ጠንከር ብሎ ይለወስ፣ ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ይረፍ። ካላረፈ ሲዳመጥ ይሰበሰባል። ወደ 20 ሳምቡሳ ይወጣዋል።

ሳምቡሳ የሚፈነዳውና ዘይት የሚጠጣው በሁለት ምክንያት ነው። መሙያው ትኩስ ወይም እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ሊጡን ይቀደዋል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ዘይቱ ደግሞ ሳይግል ከገባ ሊጡ ይመጠዋል። ትንሽ ሊጥ ጣል አድርጊ፤ ወዲያው አረፋ ከቦት ከተንሳፈፈ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ አትጨምሪ። ጠርዙን በዱቄትና በውኃ ማጣበቂያ ዝጊው፤ ውኃ ብቻ ሲሆን ዘይት ውስጥ ይከፈታል።

ሳይጠበሱ ትሪ ላይ ሳይነካኩ በረዶ ካደረግሻቸው በኋላ በከረጢት ሰብስበሻቸው ጠዋት ጠዋት የምትፈልጊውን ያህል ማውጣት ትችያለሽ። ሳይቀልጡ ይጠበሱ፣ እሳቱ መካከለኛ፣ 3 ደቂቃ ተጨማሪ። ጠዋት ለምሳ ዕቃ ስትከቺያቸው ግን እስኪበርዱ ጠብቂ፤ በትኩሱ ከተከደኑ በራሳቸው እንፋሎት ይረጥባሉ። የዶሮ መሙያ ስላላቸው ያለ ቅዝቃዜ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ የምሳ ዕቃው አጠገብ በረዶ የሆነ ትንሽ የውኃ ጠርሙስ ይግባ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ቀልጦ ይጠጣል።